የቀሚሱ ቀለም

በዚህ ዓመት ሠላሳ አንድ ፊልም አይቻለሁ፤
የየአንዳንዱን ትኬት ጉራጅ በብስኩት ቆርቆሮ አኑሬያለሁ።
ግን "አየሁ" ስል ግማሹ ውሸት ነው፤
እኩሌታው ያየሁት ሳይሆን የነገርኩት ነው።

ኔሊዳ አብራኝ ነበረች፣ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ፣ እንደ እኔው ባልቴት፣
ሁለት ዓይኗን ሞራ ጋርዶ፣ ዓለም የወተት ብርጭቆ የሆነባት።
ክንዷን በክንዴ ቆልፌ፣ በዚያ በሐምሌ ንፋስ፣
ከወንዙ ተነስቶ ጃንጥላ ገልብጦ፣ አሸዋ ፊት ላይ በሚያፍስ፣
በሞንቴቪዴዎ አስፋልት ቀስ እያልን፣ እስከ ሲኒማው ደጅ ድረስ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አርባ ዓመት በመኪናዬ ላይ ጎብጬ፣
ፊልም ሲጀመር ከታሪኩ በፊት ዝምዝማት አያለሁ አፍጥጬ።
እሷ ስልክ አገናኝ ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት የሰው ድምፅ ስትቀጥል፣
ዋሾን ታውቀዋለች፣ ገና "ሃሎ" ሲል።
ከሁለት አሮጊት አንድ ደህና ተመልካች ወጣን፣
አምስተኛው ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

"አሁን ምን ሆነ?"
"በሩን ከፈተ፤ ሊሄድ ነው።"
"ኮቱስ?"
"ግራ እጅጌው አጥሯል፤ የሰፋው ሰው ቸኩሎ ነው።"
"ይሄ ሰው አይመለስም፤ 'እመጣለሁ' ሲል ትንፋሹ አጭር ነው።"
እውነቷን ነው። አልተመለሰም።
ከኋላችን ዶን አፓሪሲዮ፣ ሳሉን በከረሜላ እያባበለ፣
"ኧረ ሴቶች፣ ዝም በሉ!" አለ።

መጋቢት ላይ ያየነው አዲስ ፊልም፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ነገር፤
ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ሲጠግን ነበር።
ወጣቶቹ እያፏጩ ወጡ። "ምን እየሠራ ነው?" አለችኝ።
"እየሰፋ።" "ጎበዝ ነው?" "ጎበዝ ነው።" ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝ።
ጭኔ ላይ ወደ ተኙት እጆቼ ብመለከት፣
ሳላዛቸው ከሰውየው ጋር ይቋጥራሉ፣ ጣት በጣት።

ግንቦት ላይ፣ ከተማ የሚፈነዳበት ውድ ፊልም፤
ስለሱ የማስታውሰው ብዙ የለም።
ወንበሩ ተንቀጠቀጠ፤ ጀግናው ሕንጻ ሲናድበት፣
አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ አልተበጠሰችበት።

ድምፅ አልባውን ፈርቼው ነበር፣ ለእሷ ምን ይተርፋታል ብዬ፤
"መሰላሉ ወደቀ... ሙሽሪት... ቄሱ... ገንዳው..." ብዬ፣ ብዬ፣
ሳቅ አፌን ዘጋው፤ ቃል አጣሁ፤
እሷ ሳቄን ሰምታ ስትስቅ፣ እኔም እንደ ገና ሳቅሁ።

ነሐሴ ላይ፣ ስለ ከተማችን የተሠራ የድሮ ዘጋቢ ፊልም ሲታይ፣
አንድ የሰፋሁት ኮት አለፈ፣ በወደቡ ሕዝብ መሐል፣ በማላውቀው ሰው ትከሻ ላይ።
ሦስት ሰከንድ። ኮሌታውን አውቀዋለሁ፤ ለባሹን ረስቻለሁ።
ይህን ለኔሊዳ አልነገርኩም፤ አሁንም ለራሴ ይዤዋለሁ።

ከሁሉ ግን ያ አሮጌው፣ እኔ ሳልወለድ የተነሳ፣
ጥቁርና ነጭ፤ ባቡር ጣቢያ፤ ሻንጣ የሌላት ሴት፣ ባቡር በመጣ ቁጥር የምትነሳ።
"ቀሚሷ ምን ዓይነት ቀለም ነው?"
እጇ እጄ ላይ ነበረ፤ የለውም ማለት ከበደኝ።
"አረንጓዴ" አልኩ። "ምን ዓይነት አረንጓዴ?" ብላ ጠየቀችኝ።
"ዝናብ የጠገበ፤ አንገቱ ጋ ትንሽ የደበዘዘ።"
ሐርም አደረግኩት፤ ምላሴ አንዴ ተመዘዘ።
ባቡሩን ቀይ ቀባሁት፤ ሰማዩን ብቻ ተውኩት፤
ያ ሰማይ በቀለም ቢነሳም ግራጫ ነው፤ አመንኩት።

ጥቅምት ላይ ሐኪሙ ሞራውን ገፈፈላት።
ደረጃው ላይ አየችኝና "አርጅተሻል!" አለች፤ "አንቺስ መስታወት አየሽ ወይ?" አልኳት።

ኅዳር ላይ ያንኑ ፊልም መልሰው አመጡት፤
"እንሂድ" አለች፤ ሄድኩ፤ ልቤ የሌባ ልብ፣ አፌ ዝግ ቤት።
ሴትየዋ መጣች። ቀሚሷ አመድማ።
ኔሊዳ ምንም አላለች፤ እኔም ምንም፤ የባቡሩ ጩኸት ብቻ የሚሰማ።
ወጥተን ደጁ ላይ ሻርፗን ስትጠመጥም፣
"አውቄ ነበር" አለች፤ "የዚያን ቀን አልነገርኩሽም።
አረንጓዴ ስትዪ፣ ድምፅሽ ደጅ ላይ ቆሞ፣ ጫማውን ጠራርጎ ገባ፤
እውነት እንዲያ አይጠነቀቅም፤ ከነጭቃው ነው የሚገባ።"

ይህን ጊዜ ዶን አፓሪሲዮ፣ ኮፍያውን ከነፋስ እየተናጠቀ፣
ደረሰብንና፣ እንደ ተቀማ ልጅ፣ ጠየቀ፦
"ዛሬስ ምነው ዝም አላችሁ?
ባቡሩ ቀይ አልነበር እንዴ? ቀይ ነው አላላችሁ?"